ለእንቁላል ሻጯ የተሰጠው ቁልፍ

አጎቴ ሬዲዮ ሠሪ ነው። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ማራገቢያ፣ ብቻ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ሱቁ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር፣ መንገዱ ጥግ ላይ ናት። ከሱቋ ኋላ አንድ ክፍል አለች፣ እዚያ ይኖራል። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ቴስተር» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት በከንቱ አይደለም። አዲስ ባትሪ ከነማሸጊያው ብትሰጡት እንኳን በቴስተር ሳይለካ አይቀበልም። አንድ ቀን እኔ ራሴ አምፖል ገዝቼለት ሄድኩ።

«ከየት ነው የገዛሽው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ማን ሸጠልሽ? ባልየው ነው ሚስትየዋ?»

«ሚስትየዋ።»

«በይ አምጪው» ብሎ ለካው። አምፖሉ ደህና ነው። ደህና ሆኖ መገኘቱም ደስ አላለውም።

ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ምክንያት አለው። በወጣትነቱ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሱቅ ነበራቸው። አንድ በር፣ ሁለት ቁልፍ፤ አንዱ በእሱ ኪስ፣ አንዱ በጓደኛው ኪስ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲመጣ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ሲከፍተው ውስጡ ባዶ። አንዲት ካቻቢቴ እንኳን አልቀረችም፤ የደንበኞቹ ሬዲዮም አብሮ ሄዷል። በሩ ስላልተሰበረ ሰው ሁሉ «ራሱ ነው የወሰደው» አለ። ያመነችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷን አገባት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ አጎቴ የበሩን ቁልፍ ለሰው አይሰጥም። ለሚስቱ እንኳን የሰጣት በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት እንደሆነ እሷው እየሳቀች ነግራኛለች።

እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ከጎረቤት ጋር ለሁለቱም የምታወራው እሷ ነበረች። «እንዴት አደራችሁ» የምትለው እሷ፣ የታመመ የምትጠይቀው እሷ። እሷ ስትሄድ አጎቴ አፉ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ሬዲዮ ይለፈልፋል፣ እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚናገረው «ነገ ና» እና «ገና ነው» ብቻ ነው። እኔ የምጠይቀው እሁድ እሁድ ነው፤ ቤቴ ሩቅ ነው፣ ልጆችም አሉኝ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም።

ባለፈው ዓመት ያዞረው ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ ደም ግፊቱ መቶ ሰማንያ ሆነ። መድኃኒት ሰጡት፣ አልወረደም። ሲስተሯ ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፤ አስቀመጠችውና ትጠይቀው ጀመር።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«ሳስታውስ እወስዳለሁ።»

«ትናንት ከማን ጋር አወሩ?»

አጎቴ ቀና አለ። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚጠየቅ ጥያቄ የለም።»

ሳቀች። «እሺ፣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

አጎቴ ኮቱን አነሳ። «ይሄን ለማን ልትነግሪው ነው?»

«ለማንም! ጋሼ ይቀመጡ እባክዎ። ብቻውን የሚውል ሰው መድኃኒቱን ይረሳል፣ ከወንበሩ አይነሳም፣ ሲያዞረው የሚያይለት የለም። ለዚህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ከጀርባ ያለው ግቢ ይምጡ፣ የእርስዎ እኩዮች አሉ። ይራመዳሉ፣ ይጫወታሉ። በነጻ ነው።»

«በነጻ» የሚለው ቃል አጎቴን አሳመመው። እሁድ ስመጣ ነገረኝና፣ «አንቺ፣ በነጻ ሰው የሚሰበስብ ምን ፈልጎ ነው?» አለኝ።

«ጤናህን ነዋ።»

«የኔ ጤና ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል?»

 እሱ ግን ማክሰኞ ሄደ። የሄደው ሊራመድ አይደለም፣ ሊሰልላቸው ነው። ራሱ ነው የነገረኝ።

አሥራ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። ግቢውን አሥር ጊዜ ይዞራሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። ከመራመዱ ወሬው ይረዝማል። መሪያቸው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዛሬም ሰውን የሚያዘው እንደ ተሳፋሪ ነው፤ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል በባዶ ሜዳ። አጎቴን ገና ሲያየው፣ «ጋሼ ቴስተር! ዛሬ እኛን ሊለኩን መጡ?» አለው። ሁሉም ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም፣ ስሜን ከየት አወቀ ብሎ ብቻ አሰበ።

በሦስተኛው እሁድ ሱቁን ስጠርግለት ከአንድ ሬዲዮ ሥር የካርቶን ቁራጭ አገኘሁ። በእርሳስ ተጽፎበታል። «ሾፌሩ፦ ስንት ሰዓት ትዘጋለህ አለኝ። ባለ ከዘራዋ፦ ሱቁ የራስህ ነው ወይ አለች። እንቁላል ሻጯ፦ ልጅ የለህም ወይ፣ ማታ ምን ትበላለህ አለች። ሾፌሩ፦ ከኋላ በር አለው ወይ።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

ከእጄ ነጠቀኝ። «አስተውለሽ እይው። አንዱም ስለ ግፊቴ አልጠየቀም። ሁሉም ስለ ቤቴ ነው።»

«አጎቴ፣ ሰው ሲተዋወቅ ምን እንዲጠይቅ ትፈልጋለህ?»

«ጥግ ላይ ያለች ሱቅ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌ ነኝ፣ ልጅ የለኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሚዶለተው እኔ ሳልሰማ ነው።»

ሳቄ መጣ። ወደ ቤት ስሄድ ግን በመንገድ ላይ እኔም ተጠራጠርኩ። ሾፌሩ የኋላ በር ምን ያደርግልኛል ብሎ ነው የሚጠይቀው? ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፣ ይጋባል።

ለምን እንደጠየቀ በአራተኛው ማክሰኞ ታወቀ። ቡድኑ አንድ ደንብ አለው። ከዓመታት በፊት ከመካከላቸው አንድ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ ሰውዬ ቤታቸው ወድቀው በሦስተኛው ቀን ነው የተገኙት፣ ሞተው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሁሉ ትርፍ ቁልፉን ለአንዱ አባል ይሰጣል፣ የዚያንም ቁልፍ ይቀበላል። ማክሰኞ አንዱ ከቀረ ቁልፉን የያዘው ሰው ሄዶ ያያል። ማን ከማን እንደሚለዋወጥ በዕጣ ነው። ለአጎቴ እንቁላል ሻጯ ደረሰችው።

ወፈር ያለች፣ ድምፀ ትልቅ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ገበያው በር ላይ ትሸጣለች፤ አንዷንም እንቁላል ወደ ብርሃን አንስታ ሳታይ አትሰጥም። ቁልፏን ከመቀነቷ ፈትታ እዚያው ሰጠችው።

«ያውልዎት ጋሼ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊው በር። ሲከፍቱ ትንሽ ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት፣ እንደኔው ግትር ነው።»

«እኔ ዛሬ አልያዝኩም» አለ አጎቴ።

«ግድ የለም፣ በሚቀጥለው።»

አጎቴ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። እንቢ ቢል ቡድኑ ያፍርበታል፤ ቢሰጥ ያች ባዶ ሱቅ ትመጣበታለች። ታዲያ ምን አደረገ? የበሩን ሲሊንደር፣ ቁልፍ የሚገባበትን ክፍል፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቀይሮት ነበር። የድሮው ሲሊንደር ቁልፍ ከብሎንና ከምስማር ጋር በቆርቆሮ ውስጥ ቀርቷል። እሱን አወጣ። በጨርቅ ወለወለው፣ ዘይት ቀባው፣ ቀይ ሽቦ አሰረበት። ማክሰኞ ለእንቁላል ሻጯ ሰጣት።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

ይሄ አልበቃውም። ሐሙስ እሷ ገበያ መሆኗን አይቶ ወደ ፎቋ ወጣ፣ የእሷን ቁልፍ ሊሞክር። በቴስተር ያልተለካ ነገር የለም አላልኩም? እሷም እንደሱ የውሸት ሰጥታው እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ቁልፉን አስገባ፣ በሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው፣ ዞረ። ተከፈተ።

በሩ ላይ ቆመ። የተነጠፈ አልጋ አየ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ተደፍቶ። መስኮቱ ሥር የተሰበሰቡ ባዶ የእንቁላል መያዣዎች። «ሁሉም ነገር አንድ አንድ ነው» አለኝ ኋላ ሲነግረኝ። «እንደኔው ቤት።» ቶሎ ቆልፎ ደረጃውን በሩጫ ወረደ፤ ሌባ ይመስል።

ማንም ሰው ይሄን ካየ በኋላ ልቡ ይራራል፣ አይደል? የአጎቴ ልብ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጥርጣሬ ነው። ሁለት ወር እንኳን ለማታውቀው ሰው እውነተኛ ቁልፏን የምትሰጥ ሴት ምን ብትፈልግ ነው? ግን ሲያድር አፈረ። እውነተኛውን ቁልፍ ሊለውጥላት በሸሚዙ ኪስ ይዞ ማክሰኞ ሄደ፣ ሳይሰጣት ተመለሰ። ምን ብሎ ይስጣት? «ያኛው ተሳስቼ ነው» ልበል አለ፣ እሷ ግን ዓይን አላት፣ ታውቅብኛለች ብሎ ተወው። በሚቀጥለውም ማክሰኞ ይዞ ሄደ፣ ይዞ ተመለሰ።

በዚያው መሀል ግን እየተሻለው ነበር። ይሄን መናገር አለብኝ። ሲስተሯ ስትለካው መቶ ሃምሳ ገባ። ባለ ከዘራዋ ሴትዮ በየጊዜው «መድኃኒትዎን ዋጡ?» ስለምትለው እንዳትጠይቀው ብሎ ይውጥ ጀመር። ከሾፌሩ ጋር ስለ አውቶቡስ ሞተር ተከራክሮ እየሳቀ አገኘሁት። የካርቶኑ ዝርዝር ግን አሁንም ይጨመርበታል።

ሊሰጣት ባሰበ በሦስተኛው ማክሰኞ ሸሚዙን ለብሶ፣ እውነተኛውን ቁልፍ ኪሱ አድርጎ፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ወደቀ። ግራ ጎኑ ከዳው። ምላሱ ተሳሰረ። ወለሉ ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል፣ መናገር ግን አይችልም። አንዱ ሬዲዮ የአየር ሁኔታ እያወራ ነበር አለኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ሾፌሩ ሰው ቆጠረ። እንቁላል ሻጯ፣ «የኔ ሰውዬ የለም» አለች። ወዲያው ተነሳች፣ ሾፌሩም ከኋላዋ። በሩን አንኳኳች። ዝም። ቀይ ሽቦ ያለውን ቁልፍ አውጥታ አስገባች። አይዞርም። አገላበጠችው። አይዞርም።

አጎቴ ከውስጥ ይሰማታል።

«ጋሼ! አለሁ፣ መጥቻለሁ! ይቅርታ፣ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው። አሁን እከፍታለሁ፣ አሁን።» ቁልፉ ይንኳኳል። «ወይኔ! ምን ሆኜ ነው? አንተ ሾፌር፣ አንተ ሞክረው፣ እኔ እጄ አበደ!»

«እሜቴ፣ ይሄ ቁልፍ የዚህ በር ነው?»

«የዚህ ነው! በእጄ ነው የተቀበልኩት! ምናልባት ከገበያ ቁልፌ ጋር አምታትቼው ይሆናል፣ ወይኔ ጉዴ!»

ሾፌሩ የሚፈለቅቅ ሰው ሊያመጣ ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሮጠ። ቦታው ቅርብ አይደለም። እሷ የገበያ ቁልፏን፣ የሣጥን ቁልፏን፣ ያላትን ሁሉ ሞከረች። በመካከሉ በበሩ ሥር አፏን አድርጋ «አይዞህ» ትለዋለች። አጎቴ ቀኝ እጁን ወደ ኪሱ ሊልክ ሞከረ። ትክክለኛው ቁልፍ እዚያ ነው፣ ደረቱ ላይ። በእጁ ነካው። በሩ ግን ሦስት እርምጃ ይርቃል።

የመስኮቱን ብረት ፈልቅቀው እስኪገቡ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ። ሐኪሙ ሕይወቱ ተርፏል አለን። ስለ ግራ እጁ ስጠይቀው፣ «ቶሎ ቢደርስ ይሻለው ነበር ይሆናል፣ ላይሻለውም ይችላል» አለኝ። ዛሬ በዚያ እጁ ካቻቢቴ መያዝ አይችልም። ሬዲዮ በአንድ እጅ ይሠራል፣ በቀን አንድ ቢሆንለት ነው።

አንደበቱ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ለኔ የነገረኝ ያኔ ነው፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ተናደድኩበት። ደግሞም አንጀቴን በላው። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ቡድኑ ጠየቀው፣ እንቁላል ሻጯ ግን የለችም። ሲስተሯን አገኘኋት። «ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣችም» አለችኝ። «ቁልፍ አምታትቼ ሰው ልገድል ነበር ትላለች። አትተኛም። ስለካት ግፊቷ ከጋሼ በልጦ ተገኘ። ኑ ስንላት፣ እኔ አደራ የማይሰጠኝ ሰው ነኝ ትላለች።»

ለአጎቴ ነገርኩት።  ሬዲዮውን ዘጋ፤ ሰው እያለ ሬዲዮ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም።

«ከነገርኳት ሁሉም ያውቃል» አለ። «ሾፌሩ ያውቃል። እንደገና ሰው ሁሉ በጣት ይጠቁመኛል። ያኔ ምንም ሳላደርግ ነበር፤ አሁን ግን አድርጌዋለሁ።»

«ካልነገርካትስ?»

«ካልነገርኳት በኔ ፈንታ እሷ ትወድቃለች።» ኮቱን በቀኝ እጁ ሳበ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ከዘራዬን አምጪልኝ።»

ገበያው በር ደገፍኩት። እሷ እንቁላል ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። ሲያያት ቁልቁል አየች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ቀድማ። «ለመምጣት አፍሬ ነው።»

«አላምታታሽም» አለ አጎቴ።

«እንዴት?»

«ቁልፉ ያው የሰጠሁሽ ነው። የድሮ ቁልፍ ነው። የበሬን አልሰጠሁሽም።»

እንቁላሉን አስቀመጠች። «ተሳስተው?»

«ሆን ብዬ።»

አንዲት ገዢ «እትዬ፣ ስድስት ስጪኝ» አለች። ሰሚ የለም።

«የኔንስ?» አለች እንቁላል ሻጯ። «የኔን ሞክረኸዋል?»

«ሞክሬያለሁ።»

«ከፈተ?»

«ከፈተ።»

«ገባህ?»

«በሩ ላይ ቆምኩ እንጂ አልገባሁም።»

ፊቷ ቀላ። የምትጮህ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። አልጮኸችም። «እኔ ሌሊት ተነስቼ እጄን እያየሁ ነው የምቀመጠው» አለች። «ይሄ እጅ ነው እላለሁ። አንተ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ነበር።» እጇን ዘረጋች። «ቁልፌን አምጣ።»

ሰጣት። መቀነቷ ላይ ቋጠረችው፣ ቋጠሮውን ደግማ አጠበቀችው። «ስድስት ነው ያልሽኝ?» አለች ለገዢዋ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ወደ ግቢው ተመለሰች። ተኝታ ማደሯ ከፊቷ ያስታውቃል። ግን ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠች፣ ለአጎቴ ሰላምታ አልሰጠችም፣ ቁልፏንም ለማንም አልሰጥም አለች። «ከእንግዲህ የኔ በር የኔ ነው» አለች። ሾፌሩ ቢለምናት፣ ሲስተሯ ብትለምናት፣ እምቢ። የሾፌሩን ፈገግታ እንኳን በጎን ማየት ጀመረች። አጎቴ እውነተኛ ቁልፉን ለሾፌሩ ሰጠው፤ ሾፌሩ ተቀብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሄዶ በሩ ላይ ሞክሮት መጣ። አጎቴ «የሚገባኝ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ግን አጎቴ ሰላም አጣ። እሁድ ስመጣ ስለ ሱቁ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ሦስተኛው ፎቅ ነው። «ግፊቷ ገና አልወረደም። ብትወድቅ ማን ይከፍትላታል? ቁልፏ እንደሆነ ማንም ጋ የለም!» አንድ ጠዋት መንገዱን ተሻግሮ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እየወጣ ሄደና ሰማያዊውን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደግሞ ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ብሎ ሰው ሦስት ፎቅ አይወጣም! ሂድ!»

ሄደ። ድምፅዋን ሰምቷል፣ በቃው። በማግስቱም ወጣ። በየቀኑ እንዲሁ። ጎረቤቶቿ ይስቁበት ጀመር፣ እሷም «ምን እየሰለለ ነው?» ብላ ሲስተሯን ጠየቀች አሉ። ሲስተሯ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአጎቴ ግፊት መቶ አርባ ገብቷል።

ባለፈው ሐሙስ አንኳኳ፣ መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ «አንቺ ሴት! አንቺ ሴት!» እያለ በሩን በከዘራው ይደበድባል። የታችኛው ፎቅ ሰው ሁሉ ወጣ።

በሩ ተከፈተ። እንቁላል ሻጯ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ቆማለች። «ሰው ራሱን አይታጠብም እንዴ? በር ሰባሪ!»

 የአጎቴ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ያች የማትረባ ግራ እጁ ጭኑ ላይ ወድቃለች። ቁልቁል አየችው። ብዙ አየችው፣ እንደ እንቁላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፣ ያችን አንዷን ወንበር ጎትታ አወጣች፣ ኮሪደሩ ላይ አኖረችለት።

«ትንፋሽህ እስኪመለስ ነው» አለች። ገብታ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈችው።

አጎቴ ተቀመጠ። ከበሩ ኋላ እርምጃዋ ሲሄድ አልተሰማም። እዚያው ቆማ ትንፋሹን እያዳመጠች ነበር።